ጀልባው ከመነሣቱ በፊት

ልጅ ሐይቅ ሲያይ ሁለት ነገር ይመኛል፤ ድንጋይ መወርወርና ጀልባ ላይ መውጣት። የመጀመሪያው በነፃ ነው። ሁለተኛው ግን ወላጅን ከገንዘቡ ይልቅ በሐሳቡ ያደክማል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ እትም ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ምኞት ነው። ባለቤቴ በባሕር ዳር ከተማ ባገለገለባቸው ዓመታት ቤታችን እንግዳ አይጠፋበትም ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከነቀምት፣ ከሐዋሳ፣ አልፎ አልፎም ከአሜሪካ የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ «መቼ ነው ጣና ላይ የምንወጣው?» ይለን ነበር። ስለዚህ የራሳችንንም የሰውንም ልጆች ይዘን ስንት ጊዜ በጀልባ እንደተመላለስን ቁጥሩን አላውቀውም።

እኔ የጀልባ ጉዞን የምወደው ስለ መልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም። አገልጋይ ቤት የሚያድግ ልጅ አባቱን ለብቻው የሚያገኝበት ሰዓት ጥቂት ነው። ቤት ከሆነ በር ይንኳኳል፤ ስልክ ይጮኻል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል። ጀልባ ላይ ግን በር የለም። ስልኩም ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አባት ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል የትም መሄድ አይችልም! ልጆቼ አባታቸውን ብዙ ጥያቄ የጠየቁት፣ እርሱም ሳይቸኩል የመለሰላቸው በእነዚያ የጠዋት ጉዞዎች ላይ ነው። የነጋዴውም የሐኪሙም የሾፌሩም ቤት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ታዲያ ይህን ደስታ ለማግኘት ዋናው ሥራ የሚሠራው ውኃው ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ነው። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ «እሺ» ያለውና «እምቢ» ያለው ነገር የቀኑን ዕጣ ይወስናል።

ሐይቁና ሰዓቱ

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ማዶውን አያይም። ልጆች «ባሕር» ቢሉት አልተሳሳቱም። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዲህ ከሆነማ ምን ያስፈራል?» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሰፊና ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ቶሎ ይቆጣል። ሞገዶቹም አጫጭርና ተከታታይ ስለሚሆኑ ትንሽ ጀልባን ፋታ ሳይሰጡ ያንገላታሉ። ለሁለት ዓመት ሕፃን ደግሞ አንድ ሜትር ውኃም አሥራ አምስት ሜትርም ያው ነው።

ሐይቁ ጠባዩ በሰዓት ይለያያል። ጠዋት ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ታንኳዎች ጥላቸውን ውኃው ላይ ጥለው ሲሄዱ ታያላችሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣና ያው ውኃ ሌላ ውኃ ይመስላል። ስለዚህ ከልጆች ጋር ለመሄድ ያሰበ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 6 ሰዓት ሳይሞላ ቢመለስ መልካም ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የእኛን ቤት ለሚያውቅ ግን ትልቅ ተጋድሎ ነው! እንግዳ ያለ ቁርስ አይወጣም፤ ቁርስ ያለ ቡና አይሆንም፤ ቡናውም እስከ ሦስተኛው ካልተጠጣ ነውር ነው። በዚህ መካከል ፀሐይዋ ትወጣና 4 ሰዓት ይሆናል። በኋላ ግን ዘዴ አገኘን፤ ቡናውን ከጉዞ መልስ አደረግነው። ለመንገድ በፔርሙዝ ሻይ፣ ዳቦና ቆሎ ይበቃል።

ወሩም ቢሆን ይመረጣል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለቤተሰብ ምቹ ነው። በክረምት ዝናብና መብረቅ ድንገት ይመጣል፤ ሜዳ በሆነ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ ጀልባው ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ገና ያልተነሣችሁ እንደሆነ ቅሩ፤ ተነሥታችሁ ከሆነም ወደ ቅርቡ ዳር ውረዱ።

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የጣናን ጉዞ ያቆዩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከሌላ ከተማ የምትነሡ ከሆነ ስለ መንገዱም ስለ ሐይቁም በዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ በዚያው ሳምንት ጠይቃችሁ ተነሡ እንጂ ያለፈውን ዓመት ወሬ ይዛችሁ አትሂዱ። በሐዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በላንጋኖ ለመንሸራሸር ለምታስቡም ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ይሠራል። ጫሞን ግን እለየዋለሁ። የአዞ ገበያው ለትልልቅ ልጆች ድንቅ ትዕይንት ነው፤ ከጀልባ ጎን እጁን አውጥቶ ውኃ ከመንካት የማይታገሥ የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ መሄድን ግን አልመክርም።

ጃኬቱ የማን ልክ ነው?

እኛ በተጓዝንባቸው ጀልባዎች አብዛኞቹ ላይ ላይፍ ጃኬት ነበር። ችግሩ መቀመጫ ሥር የተጠቀጠቀው ጃኬት የአዋቂ ልክ መሆኑ ነው። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ የሦስት ዓመት ልጅ ፎቶ ላይ ሲታይ ያስቃል። ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ግን ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ልጁ በሥሩ ይሾልካል።

ልክነቱን ማወቂያው ቀላል ነው። ጃኬቱን አልብሳችሁ ዚፑንና ማሰሪያውን በሙሉ ካጠበቃችሁ በኋላ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ልኩ አይደለም። ለትንንሽ ልጆች በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል፤ ወደ ላይ እንዳይሾልክ የሚይዘው እርሱ ነው። ለሕፃናት በተሠሩት ላይ ከአንገት በስተኋላ ትራስ የመሰለ ክፍል አለ፤ እርሱም ጭንቅላታቸውን ከውኃ በላይ ለመያዝ የተሠራ ነው። በአየር የሚነፉ የክንድ ፕላስቲኮችና የዋና ጎማዎች ግን መጫወቻ ናቸው። ሲበሱ ወይም ሲሾልኩ ልጁን ምንም አይዘውም።

የልጅ ልክ ዳር ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ብሎ ሲደውል አብዛኞቻችን ጫማና ስልክ እንላለን። ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ወይም በየዓመቱ ሐይቅ ዳር የሚያርፍ ቤተሰብ አንድ ጊዜ እንኳ ላይፍ ጃኬት ቢል መልካም ነው። በአሜሪካ የሚሸጡት የልጆች ጃኬቶች በክብደት የተከፋፈሉ ናቸው፤ ለሕፃናት ከ30 ፓውንድ በታች (እስከ 14 ኪሎ ገደማ)፣ ለልጆች ከ30 እስከ 50 ፓውንድ (እስከ 23 ኪሎ ገደማ)፣ ከፍ ላሉት ደግሞ ከ50 እስከ 90 ፓውንድ (እስከ 41 ኪሎ ገደማ)። ስለዚህ ለዘመዳችሁ የልጁን ዕድሜ ሳይሆን ኪሎውን ንገሩት። እንደ ጫማ «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ ከፍ ያለ ቁጥር አይገዛም። ልጁ ሲያድግበት ለጎረቤት ያልፋል፤ የእኛ ሁለቱ ጃኬቶች ስንት ቤት እንደዞሩ እኔ ራሴ አላውቅም።

እስቲ አሁን ደግሞ ለእናቶች ለብቻ አንድ ነገር ልናገር። ልጅን በአንቀልባ ወይም በነጠላ አዝሎ መሄድ ያደግንበት ነው፤ እንቅልፍም ያስወስዳል፤ እጅም ያሳርፋል። ጀልባ ላይ ግን አይሆንም። እናት ውኃ ውስጥ ብትወድቅ የታዘለው ሕፃን ከእርሷ ጋር ይሰጥማል። እርሷ ለመተንፈስ ብትገለበጥ እንኳ እርሱ ከሥሯ ይሆናል፤ የራሰ ነጠላ ቋጠሮ ደግሞ በጭንቀት ሰዓት አይፈታም። ስለዚህ ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ልጁን ከጀርባችሁ አውርዱት፤ የራሱን ጃኬት አልብሱትና እፊታችሁ ያዙት። ጃኬት የማይሆነው፣ አንገቱን ገና ያላጸና ጨቅላ ከሆነ ከአክስቱ ጋር ዳር ይቆይ። የዓመት ሰው ይበለውና ይደርሳል። ረጅም ቀሚስና ሰፊ ነጠላም ሲርሱ እግር ያስራሉ፤ ለዚያ ቀን አጠር ያለ ልብስና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይሻላል።

ይሉኝታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ የሚያውቅ ወላጅ ሞልቷል። ዳር ላይ ሲደርስ አፉን የሚይዘው እውቀት ማጣት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ጀልባ ነጂው ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ እንግዶቹ ተሳፍረዋል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። በዚህ መካከል «ቆይ፣ ስንት ሰው ነው የሚጭነው?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ማሳነስ ይመስላል።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ልጃቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው እኛ ዘንድ አርፈው ነበር። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ወደ ዳር ወረድን። ጀልባው ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የልጅ ጃኬትም አልነበረውም። የእኛዎቹን ጃኬቶች ደግሞ ጎረቤት ወስዷቸው ነበር።

ነጂው «ፓስተር፣ አታስቡ፤ እኔ እዚሁ ውኃ ላይ ነው ያደግኩት» አለ።

ባለቤቴም «ወንድሜ፣ አንተን አምንሃለሁ። ለእነዚህ ለሦስቱ የሚሆን ጃኬት ግን የለህም» አለው።

ሽማግሌው ሣቅ ብለው «ኧረ ፓስተር! እኛ በየትኛው ጃኬት ነው ያደግነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነገ በጠዋት እንሄዳለን።»

ልጆቹ አለቀሱ። ጀልባው ያለ እኛ ሄደ፤ በሰላምም ተመለሰ። ተሳፋሪዎቹ እየሳቁ ሲወርዱ እኛ ዳር ላይ በቆሎ እሸት እንበላ ነበር፤ ጥቂት ተረብም ደረሰብን። ጋሼም እራት ላይ ብዙ አልተጫወቱም። ጃኬቶቹ ማታ ተመለሱ። በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ በሌላ ጀልባ ወጣን። ጋሼ ለራሳቸው የቀረበላቸውን ጃኬት አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ትንሿ የልጅ ልጃቸው አየቻቸውና «አባባ፣ አንተስ?» አለቻቸው። ለበሱ። ልጅ የሚለብሰው አዋቂ ሲለብስ ነውና አባቶችም እናቶችም መልበስ አለባቸው።

ባለቤቴ ያን ጊዜ በምን ድፍረት እንደተናገረ ሳስብ ጥያቄዎቹን ቀድሞ ማዘጋጀቱ እንደረዳው አምናለሁ። ስንት ሰው ይጭናል? ነዳጁ ለመልስ ይበቃል? ሞተሩ ቢቆም መቅዘፊያ አለ? የሚገባውን ውኃ መቅጃ አለ? ገመድስ? እምቦጭ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ አረሙ የሞተሩን ፕሮፔለር ጠምጥሞ ሊያቆመው ስለሚችል የመቅዘፊያው ጥያቄ ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም። እነዚህን በትሕትና ከጠየቃችኋቸው ጥሩ ነጂዎች ደስ ይላቸዋል። የሚቆጣ ነጂ ካጋጠማችሁም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እኛ አማኞች ደግሞ የራሳችን መሸሻ አለን። ዳር ላይ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» እንልና ያለ ጃኬት እንሳፈራለን። ይህን የሚል ወንድም ሳገኝ ሁለት ቦታ እጠቁመዋለሁ። አንደኛው አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው እንዳይወድቅ ጣራው ላይ መከታ እንዲያደርግ የታዘዘበት ዘዳግም 22 ነው። ሁለተኛው ጳውሎስ የመርከብ ጉዞው ወቅት ማለፉን አይቶ እንዳይነሡ የመከረበት የሐዋርያት ሥራ 27 ነው። የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ፤ የሆነውን ምዕራፉን ለሚያነብ እተዋለሁ።

ውኃው ላይ

ልጆች መሃል ላይ፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ከፊት ጫፍ ላይ ፎቶ ለመነሣት መቆም ጀልባው ሲቆም እንጂ ሲሄድ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ትንሽ ልጅ አንድ ጠባቂ በስም ይመደብለት፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» የተባሉ ልጆችን ማንም አያያቸውም። የቤተ ክርስቲያን የሕፃናት አገልግሎት ጉዞ ላይ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል። ሠላሳ ልጅና አራት አስተማሪ ይዞ ከመውጣት በሁለት ዙር መሄድ ይሻላል፤ ሲሳፈሩም ሲወርዱም በስም ዝርዝር ይጠሩ።

የሚያዩት አይጠፋም። ሻሎዎች፣ ዓሣ አዳኝ ንስር፣ ከሁሉም በላይ ግን ታንኳ። የእኛ ልጆች በታንኳው ላይ ስንት ጥያቄ ጠየቁ! ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ይሠራል፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ይጭናል፤ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉ ከጣና ታጭዶ ወደ ግብፅ ተወስዷል። «ራ» የተባለችው ያች ጀልባ ሳትደርስ ተበላሸች፤ በቀጣዩ ዓመት «ራ ሁለት» ባርቤዶስ ደረሰች። ይህን ለልጆች ስትነግሯቸው ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው በሌላ ዓይን ያዩታል። ልሳፈርበት ቢሉ ግን ለሌላ ዕድሜ ይቆይላቸው፤ ታንኳ ሚዛኑን ለሚያውቅ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከተሳፈረ በኋላ ነጂውን «ትራሱስ የት አለ?» ብሎ ጠየቀው። ነጂው ግራ ገባው። ልጁ በሰንበት ትምህርቱ ጌታ በጀልባዋ በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ መተኛቱን ተምሯል፤ ስለዚህ ጀልባ ሁሉ ትራስ ያለው መስሎታል።

ርቀቱን በልጆች ትዕግሥት ልክ ምረጡ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢና ደብረ ማርያም ቅርብ ናቸው፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይኸው ይበቃዋል። ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ከወረዱ በኋላም በቡና ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ ጦጣዎች ስላሉበት ልጆች ይወዱታል። ደቅ ደሴት ግን ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ስለሆነ ለትንንሾች ቅጣት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ቤተሰብ እናትና ሴቶች ልጆች ጀልባ ላይ ሲጠብቁ የሚውሉበት ጊዜ አለ፤ እንጦስ ኢየሱስ ሁሉን ይቀበላል። የትኛውም ገዳም ብትወርዱ ቦታው የጸሎት ስፍራ ነውና ልጆቻችሁ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተነገራቸውን እየሰሙ ይግቡ።

ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ይታያል። ልጆች «እንቅረብ» ይላሉ፤ አንዳንዱ አባት ደግሞ ከልጆቹ ብሶ ጉርሻ ጨምሬ ልስጥህ ይላል! ጉማሬ ከታየበት ቦታ ጠልቆ ባልታሰበበት ሊወጣ ይችላል፤ ጀልባም ሊገለብጥ ይችላል። ነጂው «ከዚህ አንቀርብም» ካለ አመስግኑት።

ፀሐይዋንም አትናቁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ብርሃኑ ከላይም ከውኃውም ይመለሳል። ኮፍያ፣ እጅጌ ያለው ልብስ፣ ለጠዋቱ ብርድ ደግሞ ጋቢ። ትንሽ ልጅ ላላችሁ ፖፖ መያዝ አትርሱ፤ ጀልባው ላይ መጸዳጃ የለም፤ ልጅም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ቢወድቅስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ዓመት 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም መሞታቸውን ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ልጅን ሲወስድ ደግሞ ያለ ድምፅ ነው። የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ አፉ ውኃ ይዞበታል። እጁን አያውለበልብም፤ ውኃውን ወደ ታች እየገፋ ነው። ስለዚህ ጠባቂው የሚያየው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነው።

ልጅ ቢወድቅ አንድ ሰው ጣቱን ወደ ልጁ ቀስሮ ዓይኑን ከእርሱ አይንቀል። ነጂው ወደ ልጁ ሲቀርብ ሞተሩን ያጥፋ፤ ፕሮፔለሩ ራሱ አደጋ ነውና። እዚህ ላይ ቢጫው ጀሪካን ባለውለታ ነው። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ሃያ ሊትር ጀሪካን እጀታው ላይ ገመድ ታስሮለት ከተዘጋጀ ተወርውሮ ሰው ይይዛል። ዋና የማይችል አባት ዘሎ ቢገባ የሚፈለገው ሰው ሁለት ይሆናል። ጀልባው ቢገለበጥም የእንጨት ጀልባ ብዙ ጊዜ ይንሳፈፋልና እርሱን ይዞ መቆየት ወደ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር ይሻላል።

ከውኃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ በእግሩ ዘቅዝቆ ውኃ ለማስወጣት መሞከር ወይም ሆዱን መጫን ተለምዷል። ጊዜ ያባክናል፤ ይጎዳልም። የሚያስፈልገው አየር ነው። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ካልነቃ የደረቱን መሃል 30 ጊዜ በፍጥነት መጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ሐኪም እስኪደርስ ወይም ልጁ መተንፈስ እስኪጀምር ይህንኑ መደጋገም ነው። ይህ ከወረቀት የሚማሩት አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣልና ቢያንስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ ከየአጥቢያውም የሕፃናት አገልጋዮች ቢወስዱት እመኛለሁ። ነቅቶ የተነሣም ልጅ ቢሆን ሐኪም ይየው።

ዳር ከደረሱ በኋላ

ጀልባው ዳር ሲጠጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ያኔ ነው የሚንገዳገደው። ገመዱ እስኪታሰር ይቀመጡ። ከዚያ አንድ አዋቂ ይውረድና ልጆቹን አንድ በአንድ ከእጅ ወደ እጅ ይቀበል። ጃኬቱ የሚወልቀው መሬት ከረገጡ በኋላ ነው።

ልጆቹ ታዲያ በዚያው ዳር ላይ ውኃ ውስጥ መንቦራጨቅ ይፈልጋሉ። ጣና ላይ ይህን አልፈቅድም። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣር በበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው፣ ልጆች በሚወዱት በዚያው ዳርቻ ነው። ትሉ በቆዳ ውስጥ ያልፋል፤ ውኃው መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም። እግሩን የነከረ ልጅ ካለ ቶሎ በፎጣ አድርቁት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላም የሰገራ ምርመራ አስደርጉለት፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ድንጋይ መወርወር ግን እንደ ልብ ነው።

ከዚያ ዓሣ ይበላል፤ 6 ሰዓት ላይ የራበው ልጅ የሚበላውን አይታችሁ አታምኑም። ነጭ ዓሣው ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን እሾህ ይበዛበታል። ለትንንሾቹ ቆሮሶ እዘዙላቸው፤ እሱንም ቢሆን በጣታችሁ ዳብሳችሁ አጉርሷቸው።